ሞፈሩን አልሰቅልም ያለ አባት

የብቸና ልጅ | ሰኔ 4

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና አካባቢ፣ እትብቱ በተቀበረበት ጎጥ ውስጥ እስከ ዛሬ ያርሳል። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ለየ፣ ዳዊት ላይ ሳይደርስ አያቴ ለከብት ጥበቃ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜው በሙሉ መሬት ላይ ነው ያለቀው። በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን አንከፍልም ብሎ ሲያምፅ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከብቱን ነድተው ወደ አባይ በረሃ እንዴት እንደወረዱ አሁንም ይነግረናል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ጎጆ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ ደግሞ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ አባል ስለነበር “ቢሮክራት” ተባለና ከነበረው 11 ጥማድ 4ቱ ቀሩለት። አንድ ሄክታር ማለት ነው። ስድስት ልጆች ያሳደገው በዚያች ነው። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ድምፁ አይለወጥም፣ ግን የተወሰደበትን ማሳ ዛሬም በስሙ ይጠራዋል። “ላይኛው መደብ” ይለዋል፣ አሁንም የራሱ እንደሆነ ሁሉ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ግንቦት ላይ ሁለተኛውን እርሻ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ ነከሰና እርፉ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። ወደቀ። በሬዎቹ ዝም ብለው ቆመው ጠበቁት። እሱ የሚያወራው ስለ ሕመሙ አይደለም፣ ስለዚህ ነው። “ቦራ አንገቱን አዙሮ አየኝ” ይላል። ሁለት ሳምንት ተኛ። በሦስተኛው ሳምንት ማሳው ላይ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ደህና ሥራ አለኝ፣ ቤትም አለኝ። አንዷ እህቴም እዚሁ ናት። በቃህ፣ ና ከእኛ ጋር ኑር እንለዋለን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “እዚያ ሆኜ ምን ልሠራ?”

አባትና እናት ገጠር ያላችሁ ምን አደረጋችሁ? ያለፋችሁበትን ንገሩኝ። ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ እያለ መኖር አልቻልኩም።

የሸበሉ | ሰኔ 4

ወንድሜ፣ አንተ ልታደርገው ያሰብከውን እኔ ከሦስት ዓመት በፊት አድርጌዋለሁ። አሁን ይቆጨኛል።

እናቴ ስታርፍ አባቴን ከሸበል በረንታ አምጥቼ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኩት። ምንም አልጎደለበትም። ምግብ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ የልጅ ልጆች አሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሰዓት ተነስቶ ለበሬዎቹ ጭድ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን የሚበላለት በሬ የለም፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ክረምት ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልክ ያስደውለኛል፣ “እዚያስ ጣለ ወይ?” ብሎ ጎረቤቶቹን ለመጠየቅ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ግቢው ውስጥ አበባ የተተከለበት ጋ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። አፈሩን በመዳፉ ጨብጦ በጣቶቹ መሀል ያሸዋል። ቀና ብሎ “ይቺ አፈር ደክማለች፣ ማንም ፍግ አልሰጣትም” አለኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ስምንት ወር ቆየ። ሰውነቱ አለቀ፣ ወሬውም አለቀ። ሐኪም ዘንድ ብወስደው ምንም በሽታ አልተገኘበትም። በመጨረሻ አገሩ መለስኩት። ግን እስከዚያ በሬዎቹን ሸጠናቸው ነበር፣ የገባው ባዶ በረት ላይ ነው። ገንዘብ ኖሮኝ ሌላ በሬ ብገዛለት እንኳ እነዚያ አይሆኑለትም፣ ከወይፈንነታቸው ጀምሮ ያሰለጠናቸው እሱ ነው። አባትህን ብታመጣው እንኳ በሬዎቹን እንዳትሸጥ። ይህን ብቻ ስማኝ።

ድሮ ልማት ጣቢያ | ሰኔ 5

በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ዘጠኝ ዓመት ቀበሌ ለቀበሌ ዞሬያለሁ። “ላምጣው ወይስ ልተወው” እያልክ ራስህን አታስጨንቅ። ሰውነቱን የሚጎዳው የትኛው ሥራ ነው ብለህ ጀምር።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። አንዱ ፈር ከሌላው 25 ሳንቲ ሜትር ቢራራቅ፣ አንድ ጥማድ አንዴ አርሶ ለመጨረስ ገበሬው ከበሬዎቹ ኋላ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጤፍ ደግሞ ገመሳ፣ አይማ እያለ እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል። አራቱን ጥማድ አምስት ጊዜ ማለት 200 ኪሎ ሜትር ነው። በየዓመቱ። ያውም እርፉን በአንድ እጁ ወደ መሬት እየተጫነ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ። የእናንተ አገር መሬት መረሬ ነው፣ ጥቁር አፈር፣ ሰኔ ላይ ሲጣበቅ እግርን ይዞ አይለቅም።

74 ዓመት የሞላው ሰው ይህን መተው አለበት። ዘሩን መዝራት፣ ውሃ የሚወጣበትን ፈሰስ መምራት፣ ክምሩን መከመር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ጉልበት ሳይሆን ዓይንና እጅ ነው የሚፈልገው፣ እዚያ ላይ ወጣቱ አይስተካከላቸውም።

ስለዚህ እርሻውን ለእኩል አራሽ፣ አርሶ ምርቱን ለሁለት ለሚካፈል ሰው ስጡና አባትህ የማሳው አዛዥ ሆነው ይቀመጡ። ዘመድም ቢሆን ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፣ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፣ እናትህም ይፈርሙ። ብዙ ወንድማማች በቃል ውል ሲጣላ አይቻለሁ።

ሌላ ነገር ላክል፣ ከጉዳዩ ወጣ ቢልም። ጤፍ በመስመር ዝሩ በሚባልበት ጊዜ እኔም ከሚያስተምሩት አንዱ ነበርኩ። በብተና ለአንድ ሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ዘር በመስመር 5 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል ነው ትምህርቱ። ሽማግሌዎቹ ሰምተውኝ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሄደው በእጃቸው ይበትናሉ። ያኔ እልኸኛ ናቸው ብዬ ተናድጄባቸው ነበር። ለካ እነሱ ጉልበት እየቆጠሩ ነበር። ያን ሁሉ መስመር ማን ያወጣል? በዚያው ቀበሌ ቁንጮ የሚባለው ጤፍ፣ በ1998 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው፣ ከጎረቤት ጎረቤት በቁና እየተሰጣጡ ነው የተዳረሰው። የሚበጀውን ሲያይ ገበሬ ወደ ኋላ አይልም። ይህን ሳላውቅ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ያሳዝኑኛል።

ከሪያድ | ሰኔ 7

እንደ እህት ሆኜ አንድ ነገር ልበል። ሦስታችሁም ጽፋችኋል። ስለ አባት፣ ስለ በሬ፣ ስለ ማረሻ። እናትየዋ የት አሉ? ስማቸው የተነሳው ለፊርማ ብቻ ነው።

የደብረ ኤልያስ ገጠር ልጅ ነኝ። ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ 11 ዓመቴ። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዜ ለዕዳ ሄደ፣ በሁለተኛው ለአባቴ በሬ ገዛሁለት። ያለው አንድ በሬ ብቻ ስለነበር ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሰው። ጎረቤት የራሱን ሳይጨርስ የእኛ ተራ አይደርስም፣ ስለዚህ ዘራችን በየዓመቱ ይዘገያል፣ ዝናቡ ደግሞ ቀድሞን ይወጣል። በሬው የገባ ቀን አባቴ አለቀሰ አሉኝ። እኔም እዚህ ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ግን ገበሬ ሲባል ሰው የሚታየው ሞፈር የተሸከመው ብቻ ነው። እናቴ የጤፍ አረም ስታርም ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሳ ነው፣ ማታ ቤት ስትገባ ጀርባዋ ቶሎ አይቃናም፣ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትቆመው። ደቦ ሲጠራ 20 ሰው ይመጣል። ለዚያ ደቦ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ምጣድ ላይ የምታድረው እሷ ናት። ደቦው ሲሞገስ በአባቴ ስም ነው። ነዶ መሸከሙ፣ አውድማውን በእበት መለቅለቁ፣ ኩበት መጠፍጠፉ፣ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ይህን ሁሉ ማን ይቆጥረዋል? የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን አለ። እኔ ቤት በሄድኩ ቁጥር አውጥቼ አየዋለሁ፣ እናቴ በሕይወቷ ፎቶ የተነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባትህን መለመንህን ትንሽ ተወውና እናትህን ለብቻቸው ጠይቃቸው። እሱ ባለበት አይደለም። ኩሽና ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ።

የብቸና ልጅ | ሰኔ 7

እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እናቴን እስከ ዛሬ “ምን ትፈልጊያለሽ?” ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ስደውል “ሁሉም ደህና ነው፣ አባትህ ደህና ነው” ትለኛለች፣ ስልኩን ለእሱ ታቀብላለች። ክረምት ላይ ስሄድ ያልሽውን አደርጋለሁ።

የሸበሉ፣ በሬዎቹን አልሸጥም። ቃሌ ነው።

ነርሷ | ሰኔ 8

በአጭሩ፦ በዚያ ዕድሜ ደረቱን የተመታ ሰው ራጅ መነሳት አለበት። ሲተነፍስ ወይም ሲያስል ከወጋው ቀጠሮ አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ይታይ። ገበሬ አባቶች “ትንሽ ነው” እያሉ የጎድን አጥንት ስብራት ይዘው አጨዳ የሚገቡ ናቸው፣ ብዙ አይቻለሁ።

የቀረሁት | ሰኔ 11

ይህን ክር ሦስት ቀን ሳነብ ሰነበትኩ፣ ልጻፍ ልተው እያልኩ። እኔ እቤት የቀረሁት ልጅ ነኝ። ከአምስት ወንድማማች አራቱ ከተማ ገቡ። እኔ 10ኛ ክፍል ላይ ውጤት ስላልመጣልኝ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። አሁን 31 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ።

ላስቀይማችሁ አይደለም፣ ግን ከልቤ ነው። ለጥምቀት ወይ ለፋሲካ ትመጣላችሁ፣ ሁለት ቀን ታድራላችሁ፣ “አባዬ በቃህ” ትላላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ሲጠፋ ማናችሁም አልነበራችሁም። ሦስት ሌሊት ወረፋ ላይ አድሬ ያገኘሁት ግማሽ ኩንታል ነው። ዝናቡ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። አንዱን ጥማድ ያለ ማዳበሪያ ዘራሁት፣ ሙሉ ክረምቱን ቢጫ ሆኖ ቆሞ እያየሁት ነው ያለፈው። አባቴ በየቀኑ ሄዶ ያየዋል፣ ተመልሶ ምንም አይለኝም። ያ ዝምታው ከመሬቱ በላይ ከበደኝ።

ስለ መሬት ልናገር። የራሴ የምለው 2 ጥማድ ነው፣ አባቴ ቆርሶ የሰጠኝ። የቀረውን የሰው መሬት በእኩል አርሳለሁ፣ ምርቱን አውድማ ላይ ለሁለት እንካፈላለን። በ1989 ከተደለደለ ወዲህ እኛ አካባቢ ሌላ ድልድል የለም። ያኔ እኔ ሕፃን ነበርኩ። የእኔ ዘመን ሰው መሬት የሚያገኘው አባቱ ሲሰጠው ወይም ሲሞት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ይህ ማለት አባትህ ሞፈሩን እስካልሰቀለ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ወይም ደግሞ የሚቀበለው ሰው ስለሌለ ይሆናል የማይሰቅለው። ሁለቱም አለ። በእኔና በአባቴ መካከል ሁለቱም ደርሶብናል፣ በግልጽ የተነጋገርነው ግን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

እና ልጠይቅህ። ከስድስታችሁ እቤት የቀረ የለም? ታናሽ ወንድም የለህም? የት ነው?

የብቸና ልጅ | ሰኔ 11

አለኝ። የመጨረሻው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። ስለ እሱ ቤት ውስጥ ብዙ አናወራም።

ጥያቄህ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። እናያለን። አመሰግናለሁ።

የብቸና ልጅ | ነሐሴ 6

ሰላም ወገኖቼ። ያለፈውን ወር ዝም ያልኩት አገር ቤት ስለነበርኩ ነው። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ገባሁ፣ ሐምሌ 16። ልጻፍላችሁ፣ ብዙ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ራጁን ተነሳ። የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር፣ በራሱ ጊዜ እየገጠመ ነው ተብሏል። ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

እናቴን ኩሽና ገብቼ ጠየቅኋት። ቡና እየቆላች ነበር፣ ቀና ብላ አላየችኝም። “እኔ የትም አልሄድም” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ “አረሙን ግን አልቻልኩም። ጉልበቴ አይታጠፍም። ላባትህ እንዳትነግረው፣ እኔ ካቃተኝ መሬቱን ይሰጥብኛል ብዬ ነው” አለችኝ። ለስንት ዓመት እንደደበቀችው አልጠየቅኋትም፣ አፈርኩ። ከእህቶቼ ጋር ተነጋግረን ዘንድሮ የአረሙን በቀን ሠራተኛ እናሠራለን ብለናል፣ ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን። ለአባቴ የነገርነው የእኛ ሐሳብ እንደሆነ አድርገን ነው። ከሪያድ ያለሽው እህቴ፣ ይህ ያንቺ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስድስት ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት፣ ለምን ሄድክ? “አባዬ መሬቱን አንተ ያዘው ብሎኝ አያውቅም። ምን ብዬ ልቀመጥ?” አለኝ። ማታ እሳት ዳር ለአባቴ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አደረገና “እሱም እፈልገዋለሁ ብሎኝ አያውቅም” አለ። ከዚያ ተነስቶ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። ቆይቶ ተመለሰና “ስልኩን አምጣው” አለኝ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ወጥቼ ውጭ ቆምኩ። ወንድሜ ሰሊጡን አጭዶ ሲጨርስ እመጣለሁ ብሏል። ይምጣ አይምጣ እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ መንገዱም መንገድ ነው። እስከዚያ የአጎቴ ልጅ በእኩል ያርሳል፣ በአባቴ በሬዎች። ውሉን ጽፈን አስመዝግበናል፣ እናቴም በአውራ ጣቷ ፈርማለች።

አሁን ስለ ዘሩ ልንገራችሁ፣ ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።

አባቴ ጤፍ ከሐምሌ ገብርኤል በፊት አይዘራም። በ22 ጠዋት ነፋሱ ገና ሳይነሳ ወጣን። የአጎቴ ልጅ የመጨረሻውን አርሶ ጨርሷል፣ መሬቱ ለስልሷል። አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ ቁናውን በግራ ክንዱ አቀፈ። አማተበና ጀመረ። የጤፍ ዘር እኮ ከአሸዋ ይደቃል፣ እፍኙ ውስጥ ስንት ሺህ እንዳለ አላውቅም። ቀኝ እጁ ወደ ቁናው ይገባል፣ ይወጣል፣ ከጭኑ ተነስቶ ወደ ትከሻው ሲወጣ ዘሩ በጣቶቹ መሀል እየሾለከ እንደ ጉም ይበተናል። እርምጃውና እጁ አይለያዩም። ቀኝ እግሩ ሲያርፍ እጁ ይወረውራል። ሲመለስ የራሱን ዱካ እያየ ነው፣ ከዱካው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን። አንዴም ቆሞ አላሰበም። ግንቦት ላይ ወድቆ የተነሳ ሰው መሆኑን ረሳሁት።

“እኔም ልሞክር” አልኩት። የማሳውን አንድ ጥግ ሰጠኝ። ከኋላዬ ቆሞ “እጅህን አትጨብጥ፣ ልቀቀው፣ ልቀቀው” ይለኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሲበቅል ወስዶ አሳየኝ። የእሱ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ነው። የእኔ ቦታ እዚህ ጋ ጥቅጥቅ፣ እዚያ ጋ ባዶ። ቁጢጥ ብሎ ባዶውን በመዳፉ ዳበሰና “ሽምብራ እንዘራበታለን መስከረም ላይ” አለ። አልተቆጣኝም።

አዲስ አበባ አልመጣም። እኔም ድጋሚ አልጠየቅሁትም።

አንድ እርዳታ ልጠይቃችሁ። ለታኅሣሥ የጤፍ መውቂያ ማሽን የሚያከራይ በብቸና አካባቢ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። በበሬ ማስወቃት ለአጎቴ ልጅ ብቻውን ይከብደዋል፣ አባቴ ደግሞ አውድማ ላይ ቁጭ ብሎ አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

የቀረሁት | ነሐሴ 7

እንኳን በሰላም ተመለስክ። ማሽኑ አለ። እኛ ቀበሌ ያሉ ልጆች በጋራ ገዝተዋል፣ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በውስጥ መስመር ስልክ ልኬልሃለሁ። ቶሎ ተመዝገብ፣ ኅዳር ከገባ ወረፋው ይሞላል።

እኔም አንድ ነገር ልለምንህ። ባለፈው ዓመት ክምሬ ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለና ውሃ ገባበት፣ የላይኛው ነዶ ሁሉ ጠቆረብኝ። አባቴ አሁን ዓይኑ ስለደከመ መክመር ትቷል፣ እኔ ደግሞ በደንብ አልተማርኩትም። አባትህ ዘንድሮ ሲከምሩ መጥቼ ልይ። እኔ ነዶውን አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ላይ ሆነው ያሳዩኝ። ቀኑን ብቻ ንገረኝ፣ ሌሊት ተነስቼ እደርሳለሁ።